ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃንና አባቱ



37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ሐኪም ቤት ሲተኛ፥ አባት ደጅ ቆሞ ከመጨነቅ በቀር ተግባር የሌለው ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

34 ሳምንት ያልሞላው ሕፃን መጥባትን፥ መዋጥንና መተንፈስን ለማስማማት ገና ስለሚቸገር፥ የእናቱ ወተት ታልቦ በቀጭን ቱቦ ጥቂት በጥቂት ይሰጠዋል። የገላው ስብ አነስተኛ ስለሆነም ቶሎ ይበርደዋል።

በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፥ ዶክተር ኤድጋር ሬይ እንዲህ ያሉትን ሕፃናት ገላ ለገላ በእናቶቻቸው ደረት ማሳቀፍ ጀመሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ይህ እቅፍ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሆን መክሯል።

እናት ስታርፍ ማን ይተካት? እናንተ አባቶች ሆይ፥ እጃችሁን ታጥባችሁ፥ ነርሷን አስፈቅዳችሁ፥ ልጃችሁን በደረታችሁ እቀፉ። መዝገብ ለነገ ይቀጠራል፤ የሕፃን ብርድ ግን ቀጠሮ አያውቅም።