ከባለቤቴ ጋር ጣና ላይ፦ ከጀልባው እስከ መሬቱ
(በማኅበሩ የምሽት ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው «ስለ ጉዞ አንድ ነገር በል» ሲለኝ ስለ ውጭ አገር እንዳወራ ጠብቆ ይሆናል። እኔ የማወራው ግን ከዚህ አዳራሽ ብዙም ስለማይርቀው ውሃ ነው። ባለቤቴን አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። እሷ የፔዳ ልጅ ናት፣ እኔ የፖሊ። ሁለቱ ተቋማት በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ከመሆናቸው በፊት እኛ ቀድመን ተዋሕደናል።

ከአራት ዓመት በፊት ስትሮክ መታት። ግራ እጇና ግራ እግሯ ደከሙ። ዛሬ በከዘራ ትሄዳለች፤ ሜዳ ላይ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ከሄደች በኋላ ማረፍ አለባት። ትንሽ እንደተሻላት «ደሴቶቹን መቼ ነው የምናያቸው?» አለች። ተማሪ ሳለን ብር አልነበረንም፤ በኋላ ደግሞ ጊዜ አልነበረንም። ልጆቻችን «እማዬ፣ ብትወድቂስ?» ሲሏት «ቤት ውስጥም ወድቄያለሁ» አለች። በዚሁ ተቆረጠ።

ሁለት ጊዜ ሄድን፤ አንዴ በኅዳር፣ አንዴ በግንቦት። ሁለቱ ጉዞዎች አንድ ሐይቅ ላይ የተደረጉ አይመስሉም። ኅዳር ላይ ክረምቱ የሞላው ውሃ ገና አልጎደለም፤ የጀልባው ጠርዝና መውረጃው ድንጋይ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ግንቦት ላይ ግን ያው ድንጋይ ደረቷ ድረስ መጣ። የጣና ከፍታ በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ጨረጨራ ላይ ያለው በርና የበለስ ኃይል ማመንጫም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ጤነኛ ሰው ይህን ልብ አይልም፣ ዘሎ ይወርዳል። ለእሷ ግን ጉዞው በሙሉ ያለው እዚያች አንድ እርምጃ ላይ ነው። ውሃው ላይ እንደሆነችማ ከእኔ ትሻላለች፤ እኔን ነው የሚያቅለሸልሸኝ።

መጀመሪያ ስንደርስ ባለ ጀልባው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ወደ እኔ ዞሮ «እናታችን መውረድ ይችላሉ?» አለኝ። እሷ ቀድማ «ልጄ፣ የታመመው እግሬ ነው፤ ጆሮዬ ደህና ነው፣ እኔን ጠይቀኝ» አለችው። ልጁ አፈረ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከእሷ ጋር ብቻ ነው የተመካከረው። ወጣቶቹ «እንሸከማቸው» ሲሉም እምቢ አለች። ልባቸው ጥሩ ነው። ግን ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ሴት፣ የድሮ ተማሪዋ ሊያልፍ በሚችልበት ቦታ፣ እንደ ጆንያ መነሳት አትፈልግም። ደግሞም እርጥብ ድንጋይ ላይ ሰው የተሸከመ ሰው ቢንሸራተት የሚወድቁት ሁለት ናቸው።

ስለዚህ እሷ አዘዘች። ጀልባው በአፍንጫው ሳይሆን በጎኑ እንዲጠጋ፣ ከፊትም ከኋላም በገመድ እንዲታሰር፣ ሞተሩ እንዲጠፋ። ፊዚዮቴራፒስቷ እንዳስተማራት ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወረድ የደከመው። እኔ ሁልጊዜ በደከመው ጎኗ እቆማለሁ፤ የደከመውን ክንድ ግን አልጎትትም፣ ትከሻ ያወልቃል። የምይዛት ወገቧ ላይ ባሰርንላት ሰፊ ቀበቶ ነው። ጀልባው ውስጥ መሃል ላይ ትቀመጣለች፤ ፊት ላይ ማዕበሉ ያነጥራል። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለሚነሳ በጠዋት ወጥተን ከምሳ በፊት እንመለሳለን።

አንድ የማይወራ ነገር ላውራ። ሽንት ቤት። ብዙ ሴቶች መንገድ ሲወጡ እንዳያስቸግራቸው ብለው ውሃ አይጠጡም። የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው፣ በዚያ ፀሐይ፣ ይህ አደጋ ነው። እኛ ከመነሳታችን በፊት የት የት መውረድ እንደሚቻል ጠይቀን መንገዱን በዚያ ልክ ነው የቀየስነው። ቤተ ክርስቲያኑን መረጥን ከማለት ሽንት ቤቱን መረጥን ማለት ይቀላል፤ ይቅር ይበለን።

ዘጌ ላይ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ሽቅብ ነው፤ ሥርና ድንጋይ የበዛበት። አየችውና «ይሄ የእኔ አይደለም፤ አንተ ሂድና እይልኝ» አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እግሬ አልነሳ አለኝ። እሷ ትታ እኔ ምን አያለሁ? «እዚህ ተቀምጠህ ፊቴን ብታይ እኔ አልወጣም፤ ሁለታችንም ሳናይ እንቀራለን» አለችኝ። ወጣሁ። የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕሎች ለእሷ ለመተረክ ብዬ ሳይ፣ ለራሴ ባየው ኖሮ የማላየውን አየሁ ማለት እችላለሁ። ስመለስ እሷ ከጀበና አጠገብ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ የደንገል ታንኳ እንዴት እንደሚታሰር ስትጠይቅ ደረስኩ። ወሬው ከእኔ በለጠ።

ክብራን ገብርኤል አጠገብ ስናልፍ ደግሞ ሴት እንደማይገባ ተነገረን። ጀልባው ውስጥ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ። «እዚህስ እኩል ነን፤ ከለከለኝ የምለው እግሬን አይደለም» ብላ ሁሉንም አሳቀች። እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴት ይገባል፤ እዚያ ወረድን። ጫማ ማውለቅ ግድ ነው፣ የእሷ የቁርጭምጭሚት ድጋፍ ደግሞ ያለ ጫማ ያንሸራትታል። እሷው ካህኑን ጠየቀቻቸው። ደጁ ድረስ ሰሌን አስነጠፉላት፣ መቋሚያም ሰጧት። መቋሚያ በያዙ ሰዎች መሃል ዱላ ይዞ መቆም ምን እንደሚመስል አስቡት፤ በዚያ ቀን ማንም ዞሮ ያላያት እዚያ ብቻ ነው።

አሁን ለመምህራኖቻችን። እኔ የብረታ ብረት ልጅ ነኝ፣ ስለዚህ ሂሳቡን ልሥራ። ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ለሜትር ተኩል 18 ሜትር መሆኑ ነው። ከውሃው ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ መውረጃ ቢሠራና በማጠፊያ ድልድይ ከመሬቱ ጋር ቢያያዝ፣ ጀልባው ኅዳርም ግንቦትም እኩል ይጠጋል። ይህ ለአንድ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚበዛ ሥራ አይደለም። የሕንፃ አዋጁ፣ ቁጥር 624/2001፣ የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል፤ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነትም አገራችን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። መውረጃ ሕንፃ አይደለም ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ይከራከር፤ እኛ ግን ብረቱን እንበይድ። የመጀመሪያውን ብረት ወጪ እኔና የባቼ ልጆች እንችላለን፣ ዛሬ ከሰዓት ተነጋግረናል።

የነገው የጀልባ ጉዞ በፕሮግራሙ ላይ ሦስት ሰዓት ይላል። ኮሚቴውን ለምነን አንድ ሰዓት አድርገነዋል። ከመካከላችን ጉልበቱ የማይታዘዝ እንዳለ አይቻለሁ፣ ደረጃው ላይ ቆጥሬያችኋለሁ። ሁለተኛዋ ጀልባ በጎኗ ነው የምትጠጋው፤ ባለቤቴ መሃል ላይ ትቀመጣለች፣ አጠገቧ አራት ቦታ አለ። የምትፈልጉ ዛሬ ማታ ለእሷ ንገሯት፤ ለእኔ አይደለም።