ሎጁን የያዝኩት እኔ ነኝ

ስለ ሐዋሳው ጉዞ ተናገሪ የተባልኩት ሎጁን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ጥፋቴን አምናለሁ።

ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ በፈጣን መንገዱ እየዘፈንን ከነፍን፤ ሻሸመኔ ላይ በባጃጅ መሀል ስንጋፋ መሸብን። ፎቶው ላይ ሐይቁ በረንዳው ሥር ነበር። ስንደርስ ከበረንዳው ፊት የብሎኬት አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ቄጠማ። ሐይቅ መኖሩን ያወቅነው በትንኙ ነው። ቧንቧው ደረቅ፤ ብዙም ሳንቆይ መብራቱም ሄደ።

የሚታይ ነገር ስላልነበረ ጨለማው ውስጥ ወሬ ያዝን። ሕክምናን ትቶ ንግድ የገባው ጓደኛችን አብሮን ነበር (ይህን የምናገረው አስፈቅጄው ነው)። ለዓመታት "ብር በልጦበት ነው" እያልን አሹፈንበታል። ለምን እንደተወ ግን ማናችንም ጠይቀነው አናውቅም።

ነገረን። ኢንተርን ሳለን አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደም ፈሷት አረፈች። እሱ ደም ፍለጋ ብቻውን ሲሯሯጥ ነበር። የዚያን ሌሊት የዱቲ አጋሩ እኔ ነበርኩ፤ "አንድ ሰዓት ልተኛ" ብዬው ተኝቻለሁ። ጠዋት መሞቷን ሰማሁ፤ እንዴት ብዬ አልጠየቅኩም።

"ለምን አልቀሰቀስከኝም?"

"36 ሰዓት ሙሉ ቆመሽ ነበር እኮ" አለኝ።

በነጋታው አሞራ ገደል ወርደን የተጠበሰ ቆሮሶ በላን፤ አባ ኮዳዎቹ አጥንቱን ቆመው ይጠብቃሉ። ሐይቁንም ያኔ አየነው። ሂሳቡን እሱ ከፈለ። ለከርሞው ጉዞ ተመዝግቧል፤ ሎጁን ግን ሌላ ሰው ይያዝ።