ስለ ግዞተኛው መሐንዲስ ስለ ፍራንሲስ ግሪንዌይ የተደረገ ንግግር



ፍራንሲስ ግሪንዌይ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1777 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ አጠገብ ተወለደ። ዘመዶቹ ግንበኞችና ድንጋይ ጠራቢዎች ነበሩና እርሱም የሕንፃ ንድፍ ማውጣትን ተምሮ በዚያ የታወቀ ሆነ። ነገር ግን በ1809 ከሰረ፤ በ1812ም 250 ፓውንድ የሚያስከፍል ሐሰተኛ ጽሑፍ አዘጋጅተሃል ተብሎ ተከሰሰና ጥፋቱን አመነ። የዚያ ዘመን ሕግ ለዚህ ጥፋት ሞት ይፈርድ ነበር፤ ሞቱ በ14 ዓመት ግዞት ተለወጠለትና በ1814 በመርከብ አውስትራሊያ፥ ሲድኒ ደረሰ።

ሲድኒ እንግሊዞች በጋዲጋል ሕዝብ ምድር ላይ የተከሉት የግዞት ሰፈር ነበር፤ ከተቈረቈረ ገና 26 ዓመቱ ነው። አገረ ገዥው ላክላን ማኳሪ ሰፈሩን ከተማ ሊያደርገው ቢያስብም ንድፍ በቅጡ የሚያወጣ ሰው አጥቶ ነበር። የተገኘውም ከግዞተኞቹ መካከል ነው። በ1816 ግሪንዌይን በቀን 3 ሽልንግ ደመወዝ የመንግሥት ሕንፃ መሐንዲስ አድርጎ ሾመው። ደመወዙ ለሥራው እጅግ ጥቂት ነበር፤ የድካሙ እውነተኛ ዋጋ ነጻነቱ ነበርና።

ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ በወደቡ አፍ ላይ መርከበኞችን በሌሊት የሚመራው የመብራት ግንብ ነው። ማኳሪ በግንቡ ስለ ተደሰተ በ1817 ወደ እንግሊዝ እንዳይመለስ ብቻ ከልክሎ ፈታው። ድንጋዩ ግን ለስላሳ ነበርና ወዲያው መፈረካከስ ጀመረ፤ በ1823 በብረት ታሰረ፤ በ1883ም ጄምስ ባርኔት የተባለ የመንግሥት መሐንዲስ የፊተኛውን አስመስሎ አዲስ ግንብ ተካበት።

ግሪንዌይ የተበላሸ ሥራ አይታገሥም ነበር። በዊንድሶር የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ሥራ ደካማ ሆኖ ቢያገኘው አስፈርሶ እንደ ገና አስጀመረው። በ1819 ለ600 ግዞተኞች ማደሪያ የሚሆን ባለ ሦስት ደርብ የጡብ ቤት ፈጸመ፤ ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ራሳቸው ማደሪያ እየፈለጉ በከተማው ያድሩ ነበር። በዚህም ሙሉ ምሕረት ተሰጠው። እርሱን ነጻ ያወጣው ቤት በባልንጀሮቹ ላይ ማታ ማታ የሚዘጋ ቤት መሆኑ ግን ሳይታሰብ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ትዕቢተኛና ቁጡ ስለ ነበረ ወዳጅ አላበዛም። ከለንደን የተላከው መርማሪ ጆን ቢግም ለግዞት ሰፈር ይህን ያህል ያማረ ሕንፃ ምን ያደርጋል ብሎ ወጪውን ነቀፈ፤ ፍርድ ቤት ሊሆን የታሰበውንም ሕንፃ የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን አስደረገው። ማኳሪ ሥልጣኑን ከለቀቀ በኋላ፥ በ1822፥ ግሪንዌይ ከሥራው ተሰናበተ። በ1837 ደኽይቶ ሞተ፤ በመቃብሩም ላይ ምልክት አልቆመም። በሐሰተኛ ጽሑፍ ሞት የተፈረደበት ይህ ሰው በ1966 አውስትራሊያ ባወጣችው የ10 ዶላር ወረቀት ገንዘብ ላይ ሥዕሉ ታተመ።

የግዞተኞቹ ማደሪያና የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን በሲድኒ ዛሬም ፊት ለፊት ቆመው ይታያሉ።