ልጁ ከመጣ በኋላ



ከውጭ አገር በማደጎ ስለሚወሰዱ ልጆች ሲነሣ ብዙ የሚወራው ልጁ ከአውሮፕላን ስለሚወርድበት ቀን ነው። እኔ የምናገረው ከዚያ በኋላ ስላለው ረጅም ዘመን ነው።

ታቲያና ማክፋደን እ.ኤ.አ. በ1989 በሌኒንግራድ ስትወለድ አከርካሪዋ በወጉ አልገጠመም ነበር፤ እግሮቿም አልታዘዟትም። በሕፃናት ማሳደጊያው ተሽከርካሪ ወንበር ስላልነበረ እስከ ስድስት ዓመቷ በእጆቿ ትሄድ ነበር። በአሜሪካ መንግሥት የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ዲቦራ ማክፋደን እዚያ አይተዋት ልጄ አሉ። ከአልባኒያም ሐናንና ሩቲን ወሰዱ። ሐና አንድ እግሯ ከጉልበቷ በላይ የተቆረጠ ናት።

ወይዘሮዋ ልጃቸውን በአዘኔታ አላሳደጓትም። ሐኪሞች ዕድሜዋ አጭር ነው ቢሏቸው እንድትጠነክር ብለው ስፖርት አስጀመሯት። እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ ፓራሊምፒክ በተሽከርካሪ ወንበር ሩጫ ሜዳሊያ አገኘች። አሜሪካ ስትመለስ ግን ትምህርት ቤቷ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር አትሮጪም ብሎ ብቻዋን አስሮጣት። እናትና ልጅ ፍርድ ቤት ሄዱ። ካሣ አልጠየቁም፤ የጠየቁት ከእኩዮቿ ጋር መሮጥን ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱም ፈቀደላት። እ.ኤ.አ. በ2008 ትምህርት ቤቷ የሚገኝበት የሜሪላንድ ግዛት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ሁሉ የስፖርት መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ ታቲያናና ሐና በአንድ የመቶ ሜትር ፍጻሜ ተሰለፉ። ለእኔ የማደጎ ወላጅነት ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ልጅን ቤት ማስገባት ብቻ ሳይሆን በሩ የተዘጋበትን ሁሉ አብሮ ማንኳኳት።

የትውልድ ሥሯንም አልነቀሉባትም። እ.ኤ.አ. በ2014 በሩሲያ ሶቺ ላይ በበረዶ መንሸራተት የብር ሜዳሊያ ስታገኝ የወለደቻትም ያሳደገቻትም እናት ቆመው አይተዋታል።

ወደ አገራችን ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ማደጎን ከልክሏል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በአሳዳጊዎቿ በደል የሞተችውን ኢትዮጵያዊት ልጅ የሚያስታውስ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። እኔም በክልከላው አልከራከርም። ነገር ግን ያ በር ሲዘጋ ኃላፊነቱ ወደ እኛ ዞሯል። ማደጎ ልንወስድ ስንሄድ ጤነኛና ቆንጆ ሕፃን ብቻ አሳዩን የምንል ከሆነ፣ አካል ጉዳተኛው ልጅ ማንን ይጠብቅ?

እግሩ ቆልመም ብሎ የተወለደን ሕፃን አስቡ። ሕክምናው በጨቅላነቱ ከተጀመረ በየሳምንቱ በሚለወጥ ጄሶ፣ ከዚያም ለጥቂት ዓመታት ሲተኛ በሚያደርገው ልዩ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ይቃናል። ለዚህ ግን በየሳምንቱ አቅፎ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው፣ ማታ ማታ ጫማውን የሚያስርለት ሰው ያስፈልገዋል። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ማደጎ ለመውሰድ የምታስቡ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ስለ እርሱ ጠይቁልኝ።