ጨጓራን በኦፕራሲዮን ስለ ማሳነስ



ቁንዝላ ተወልደው በባሕር ዳር መሥሪያ ቤት የሚሠሩ የ25 ዓመት ጸሐፊ ነዎት እንበል፤ ውፍረት አስቸግሮዎት ጨጓራዎን በኦፕራሲዮን ለማሳነስ ያስባሉ። ኪሎዎን ለቁመትዎ በሜትር ሁለት ጊዜ ቢያካፍሉትና 35 ወይም ከዚያ በላይ ቢመጣ፣ የዚህ ሙያ ሐኪሞች ዓለም አቀፍ ማኅበራት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመሪያ ኦፕራሲዮኑን ይመክራል። እጅግ በተለመደው ዘዴ ከጨጓራው ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ተቆርጦ ይወጣል፤ የወጣውም አይመለስም።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ የቢላዋው ቀን ቀላሉ ነው። ጿሚ ክርስቲያን ከሆኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ይተዋሉ፤ ቢ12 የተባለው ቪታሚን ደግሞ የሚገኘው ከእነዚሁ ነው። የተቆረጠ ጨጓራ ያገኘውን ቪታሚን እንኳ እንደ ቀድሞው ለሰውነት አያደርስም፤ ስለዚህ ኪኒኑን ወይም መርፌውን ዕድሜ ልክ መውሰድ ግድ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ በአንድ ማዕድ መጥገብም አይቻልም፤ ጥቂት በጥቂት እየደጋገሙ መብላት ነው እንጂ። ሴት ከሆኑ ከ12 እስከ 18 ወር ማርገዝ አይመከርም።

ለበዓል ቁንዝላ ሲወርዱስ? እናት «በሞቴ!» ብላ የዘረጋችውን ጉርሻ ማን ይመልሳል?

እንግዲህ ቀኑን ሳይቆርጡ ስለ ቪታሚኑ ከሐኪምዎ፣ ስለ ጾሙ ሰዓት ከንስሐ አባትዎ፣ ስለ ጉርሻውም ከእናትዎ ጋር ይነጋገሩ።