ጋዜጣ የለበሱ ጠርሙሶች

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይቀንሳል)

አቅራቢ፦ ሙዱላ ላይ በመስቀል ሰሞን ወዳጅ ቤታችሁ ሲሰበሰብ፣ ሦስት ቀይ የወይን ጠጆችን አወዳድሩ፤ ጉደር፣ ሪፍት ቫሊ ሜርሎ እና አክሱሚት። ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሏቸው። ስሙንና ዋጋውን ያየ ሰው ፍርዱ ያዘነብላል።

የጠቀለለው ሰው ብቻ ይቅዳ፤ ቅደም ተከተሉን የሚያውቀው እሱ ነው። ደረቆቹ ጉደርና ሜርሎ ይቅደሙ፤ ጣፋጩ አክሱሚት ይከተል። ጣፋጭ የቀመሰ አፍ ደረቁን ኮምጣጣ ያደርገዋልና። ከመቅዳታችሁ በፊት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ድረስ ቢቀዘቅዙ መልካም ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሜርሎው የዝዋይ ልጅ ነው። የወይን ጠጅ አምራቹ ካስትል እዚያ ካለማው እርሻ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ የወጡት በ2014 እ.ኤ.አ. ነበር። ጉማሬ ወይኑን እንዳይጎበኝ በእርሻው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሯል፤ እኔ በጉማሬው አልፈርድም።

ስትቀምሱ ምላስና ድድን የሚያደርቀው ታኒን ነው፤ ከወይኑ ልጣጭና ዘር ይወጣል። ሚጥሚጣ ሲያገኘው ምሬቱ ይጎላል፣ አልኮሉም ማቃጠሉን ያባብሰዋል። ስለዚህ ክትፎው ይቆይ። ቆጮም ቢሆን የራሱ ኮምጣጣነት ስላለው ምላስ ያሳስታል፤ በየመሀሉ ተራ ዳቦና ውሃ ይበቃል።

ሞተር የሚነዳ እንግዳ አለ? አሽትቶ ድምፅ ይስጥ። ጣዕም የምንለው አብዛኛው በአፍንጫ የሚመጣ ነው።

(ሙዚቃ)