መወጣጫና ውጤት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በመቱ ከተማ የቀረበ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የትምህርት ውጤት እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ነገሩ የመምህራን እንጂ የመሐንዲስ ጉዳይ አይደለም ብዬ ለማምለጥ ሞክሬ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ከእኔ ይበልጥ የሚመለከተው ሰው አላገኘሁም። ምክንያቱን ላስረዳ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኢሉባቦር ከሚገኙት ከተሞች በአንዱ ለአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ንድፍ ሠርቼ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። ሕንፃው አገልግሎት ከጀመረ በኋላ ጉድለቱን ለመመርመር ስመለስ፣ በክራንች የምትሄድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ አገኘሁ። መምህሯ የውጤት መግለጫዋን በኩራት አሳየኝ። በሒሳብ፣ በእንግሊዝኛ፣ በባዮሎጂ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች፤ በኬሚስትሪ ብቻ ውጤቷ ዝቅ ብሏል። ለምን እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ መምህሩ መልስ በመስጠት ፈንታ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ላቦራቶሪው ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የኬሚካሉ ሽታ የታችኞቹን ክፍሎች እንዳያውክ በማሰብ። ስለ ሽታው በሚገባ አስቤአለሁ፤ ስለ እርስዋ ግን ከቶ አላሰብሁም። ልጅቱም አልወቀሰችኝም። «ጋሼ፣ ጓደኞቼ ያዩትን ጽፈው ያመጡልኛል» አለችኝ።

እንግዲህ ያ የኬሚስትሪ ውጤት የማን ውጤት ነው?

የወለሉም ነገር እንደዚሁ ነው። የዚህን አገር ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ጎሬ በዓመት ከ1,800 ሚሊሜትር በላይ ይዘንብባታል። ስለዚህ በጎሬም ሆነ በመቱ፣ በቡሬም ሆነ በበደሌ፣ ወለልን ከመሬት ከፍ ማድረግ ልማዳችን ነው። እኔም 45 ሳንቲሜትር አንሥቼ፣ እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች ሠራሁ። በተለመደው የ1 ለ12 ተዳፋት ለዚህ ከፍታ የሚያስፈልገው መወጣጫ 5 ሜትር ከ40 ብቻ ነው። ቦታው ነበረ፤ ሲሚንቶውም አይጎድልም ነበር። ከሶር ወንዝ 5 ሜጋዋት ኃይል የሚያወጣ ሙያ፣ አንዲትን ልጅ 45 ሳንቲሜትር ከፍ ማድረግ ተሳነው ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሙያ ማሳሰቢያ ልጨምር። ከአፈር የተደለደለ መወጣጫ በዚህ አገር አንድ ክረምት አያልፍም። ቀዩ ጭቃ ክራንች ጫፍ ላይ ሲለጠፍ ለስላሳ ሲሚንቶ ወለል ከበረዶ ይብሳል። ስለዚህ ገጹ ሻካራ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መደገፊያው በሁለቱም ወገን፣ ከሁሉም በላይ ጣራ ያለው ሊሆን ይገባል። በሌላ አገር መጽሐፍ ላይ የምናየው መወጣጫ ጣራ የለውም፤ መጽሐፉ የተጻፈው ኢሉባቦር አይደለማ!

ሕግ አልነበረም ብዬ ማመካኘት አልችልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱት ጭምር የሚመች መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። በዚያው ዓመት የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅም የሕንፃ ንድፍና የግቢ አቀማመጥ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ከግምት እንዲያስገቡ ጠይቋል። አገራችንም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አዋጁን አንብቤዋለሁ፤ ያነበብሁት ግን ስለ ምሰሶና ስለ ፈቃድ የሚናገረውን ክፍል ነበር።

ዐይነ ስውራን ተማሪዎችን በሚመለከት ችግሩ ሌላ መልክ አለው። ብሬል ስድስት ነጥብ ነው፤ ከስድስት ነጥብ 63 ምልክት ብቻ ይወጣል። ፊደላችን ግን 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ተለይተው በየራሳቸው ምልክት ይጻፋሉ። በመቱ የሚማር ዐይነ ስውር ልጅ አፋን ኦሮሞንና እንግሊዝኛን በላቲኑ ሥርዓት፣ አማርኛን በዚህኛው ሥርዓት በጣቱ ጫፍ መያዝ አለበት። እኛ ዐይን እያለን ሁለት ፊደል ለመልመድ ስንት ዓመት እንደ ፈጀብን እናስታውስ። ይህን ችሎ ለፈተና የሚቀርበውን ተማሪ «ጎበዝ ነው፣ ዐይነ ስውር ቢሆንም» ስንል፣ ያቺ «ቢሆንም» የምትባል ቃል ትሰቀጥጠኛለች።

ዐይነ ስውር ተማሪ ሊቅ መሆኑ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቃል ትምህርት በሚሰጥባቸው በቅኔና በዜማ ቤቶች ዐይነ ስውራን ከተማሪነት አልፈው መምህራን ሲሆኑ ኖረዋል። ትምህርቱ የተዘጋጀው ለጆሮና ለትዝታ ስለ ነበር ዐይን አለመኖሩ ወንበር አላሳጣቸውም። በቅርቡ ዘመን ደግሞ የየትነበርሽ ንጉሤ ታሪክ አለ። በ1974 ዓ.ም. በወሎ፣ በአማራ ሳይንት ተወልዳ፣ በአምስት ዓመቷ ዐይኗ ጠፋ። በሻሸመኔ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተምራ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች። በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጣት። ዐይኗ ባይጠፋ ኖሮ በልጅነቷ ትዳር ትይ እንደ ነበር ራሷ ተናግራለች።

ሆኖም ዐይነ ስውራን ተማሪዎቻችን በብዛት ወደ ሕግ፣ ወደ ቋንቋና ወደ ታሪክ ይመራሉ። ክቡር ትምህርት ነው፤ ነገር ግን ሁሉም መርጠውት ነው ወይ? በዚህ አዳራሽ ውስጥ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በክራንች የገባ መሐንዲስ ስንት ነው? ይህ አዳራሽ ራሱ መግቢያው አራት ደረጃ ነው፤ ጠዋት ቆጥሬዋለሁ።

ስለ ልጅቱ ልጨርስ። ላቦራቶሪውን ከመምህራን ክፍል ጋር ለማቀያየር በራሴ ጊዜ አዲስ ንድፍ ሠርቼ ሰጠሁ። የሽታውን ነገር በግድግዳ ላይ በሚገጠም ማራገቢያና ወደ ጣራ በሚወጣ ቧንቧ መፍታት ይቻል ኖሯል፤ በመጀመሪያም ይቻል ነበር። የውኃና የፍሳሽ መስመር ማዛወሩ ግን በጀት እስኪገኝለት ሁለት ዓመት ፈጀ። ላቦራቶሪው ወደ ምድር ሲወርድ እርስዋ የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን ጨርሳ ሄዳ ነበር።

የተሻሻለው ንድፍና የመወጣጫው ዝርዝር በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እየወሰዳችሁ መርምሩት፤ በተለይ የጣራው ውኃ መውረጃ ላይ እኔ ራሴ ገና አልረካሁም።